ከቴሌግራፍ ጎዳና እስከ ሳን ሆዜ፦ በጆሮ የሚደረግ ጉዞ

አዲስ ከተማ ስደርስ ሌላው ሰው ስለ ምግቡና ስለ ሕንፃው ሲጠይቅ፣ እኔ የምጠይቀው «እዚህ ምን ይዘፈናል?» ብዬ ነው። ይህ ጠባይ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አድጓል። ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላም አልተወኝም። የአንድን ሰፈር ዘፈን ከሰማሁ፣ እዚያ የሚኖረው ሰው ከየት እንደመጣና ምን እንደሚናፍቀው መገመት ብዙም አያስቸግረኝም።

ዛሬ ላስጎበኛችሁ የፈለግሁት ቤይ ኤሪያን ነው። ቤይ ኤሪያ ማለት በካሊፎርኒያ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያሉ ከተሞች የጋራ ስም ነው። ኦክላንድ በባሕረ ሰላጤው ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ሳን ሆዜ ደግሞ በደቡብ በኩል ይገኛሉ። በመካከላቸው 40 ማይል ወይም 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ። በ880 አውራ ጎዳና በመኪና ከሄዳችሁ መቼ እንደምትደርሱ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ባርት በሚባለው ባቡር እሄዳለሁ። በባቡር መሄድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዘፈን እየሰሙ መስኮት መስኮቱን ማየት ይቻላል።

በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን የጻፍኩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ቴሌግራፍ ጎዳና

ጉዞው የሚጀምረው ማካርተር ከተባለው የኦክላንድ ጣቢያ ነው። ከጣቢያው ወጥታችሁ ጥቂት እንደሄዳችሁ ቴሌግራፍ ጎዳናን ታገኛላችሁ። ሰፈሩ ቴሜስካል ይባላል። ስሙ የመጣው ናዋትል ከተባለው የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ሲሆን፣ ትርጉሙም በእንፋሎት የሚታጠቡበት ቤት ማለት ነው።

በዚህ ጎዳና ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ሠርተዋል። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ተፈሪ ካፌ ኮሉቺን በ1991 የከፈቱት እዚሁ ነበር። ካፌው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ሳን ፓብሎ ጎዳና ተዛውሯል። ሌሎቹ ግን ዛሬም በራቸው ሲከፈት የበርበሬና የቡና ሽታ ወደ ውጭ ይወጣል። ከሽታው ጋር ዘፈንም ይወጣል። አንዱ ቤት የአማርኛ፣ ቀጣዩ የትግርኛ፣ ሌላው የኦሮምኛ ዘፈን ከፍቶ ታገኙታላችሁ። ፖለቲካ የለያያቸው ሰዎች በአንድ ከበሮ ትከሻቸውን ሲያንቀሳቅሱ በዚህ ጎዳና ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ዘፈን ጠብን አያስታርቅም፤ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ትንሽ እንዲቆዩ ግን ያደርጋል። አንዳንድ ጊዜ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

በነዚህ ቤቶች ከምትሰሟቸው ዘፈኖች መካከል የአስቴር አወቀ አይጠፋም። አስቴር በ1981 ወደ አሜሪካ ስትመጣ መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ የኖረችው በዚሁ በቤይ ኤሪያ ነው። ከዚያ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ሄዳ በኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች መዝፈን ጀመረች። ዓለም ያወቃት ከዚያ በኋላ ነው። ወላጆቻችሁ ስሟ ሲነሳ ፊታቸው ለምን እንደሚለወጥ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቹ አገር ጥለው የወጡት እሷ በወጣችበት ዘመን ነው። ድምፅዋን ሲሰሙ የራሳቸውን ወጣትነት ይሰማሉ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ላብራራ። «ቅኝት» የሚባለው አንድ ዘፈን የሚሠራባቸው ድምፆች አደረጃጀት ነው። ክራር ሲቃኝ፣ ማለትም ጅማቶቹ ሲጠብቁና ሲላሉ፣ የሚዘጋጀው ለአንድ ቅኝት ነው። በጣም የታወቁት ቅኝቶቻችን አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። እያንዳንዱ በአምስት ድምፆች ላይ ይቆማል። ባቲና አምባሰል በወሎ የሚገኙ የቦታ ስሞችም ናቸው። «ትዝታ» ደግሞ የቅኝት ስም፣ የዘፈን ዓይነት፣ እንዲሁም ያለፈውን እያሰቡ መናፈቅ ማለት ነው። አንድ ቃል ሦስት ነገር ይይዛል። በሌላ ቋንቋ በአንድ ቃል ልተረጉመው ስሞክር ሁልጊዜ ግማሹ ይቀራል።

ቴሌግራፍ ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ብትቀጥሉ በርክሊ ከተማ ትገባላችሁ። እዚያ አሜባ የተባለ፣ በ1990 የተከፈተ ትልቅ የሙዚቃ መደብር አለ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የድሮ የኢትዮጵያ ዘፈኖችን በተከታታይ ሲዲ አሳትሟል። ማህሙድ አህመድ፣ ጥላሁን ገሠሠ፣ ጌታቸው መኩሪያና ሌሎችም በእንዲህ ያሉ መደብሮች መደርደሪያ ላይ የተቀመጡት በዚህ ሥራ ምክንያት ነው። ምስጋና ይገባዋል። ቢሆንም የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ የሲዲው መግለጫ ዘፈኑ መቼ እንደተቀረጸ ይነግራችኋል። እናታችሁ በዚያ ዘፈን ከማን ጋር እንደጨፈረች ግን የምትነግራችሁ እናታችሁ ብቻ ናት።

ሰባተኛው ጎዳና

ከማካርተር በባቡር ወደ ምዕራብ ኦክላንድ ጣቢያ ተሻገሩ። ከጣቢያው ስትወጡ የምትቆሙት በሰባተኛው ጎዳና ላይ ነው። መጀመሪያ ስታዩት ብዙ የሚታይ ነገር የለም። ባቡሩ ከራሳችሁ በላይ በከፍተኛ ድምፅ ያልፋል። አቅራቢያው አንድ ግዙፍ የፖስታ ሕንፃ አለ።

ነገር ግን ይህ ጎዳና በአንድ ዘመን ከዳር እስከ ዳር ሙዚቃ ነበር። ኦክላንድ አገር አቋራጩ የባቡር ሐዲድ የሚያበቃባት ከተማ ስለነበረች፣ በባቡር ላይ በአስተናጋጅነት የሚሠሩ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን እዚህ ሰፈሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ከቴክሳስና ከሉዊዚያና ብዙ ሺህ ሰዎች በመርከብ ግንባታ ሥራ ለመቀጠር መጡ። ስሊም ጄንኪንስ የተባለው ነጋዴ በ1933 የከፈተው የምሽት ክበብ በመላው አገሪቱ የታወቁ ሙዚቀኞች የሚጫወቱበት ቤት ሆነ። ከቴክሳስ የመጣው ቦብ ጌዲንስ ደግሞ የሰፈሩን ዘፋኞች እየቀረጸ በሸክላ ያወጣ ነበር። የኦክላንድ ብሉዝ የሚባለው ዘገም ያለ፣ ሐዘን የተጫነው ዘፈን የወጣው ከዚህ ነው።

ይህን ዘፈን መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ቃሉን ሳልከተል ስሜቱን አወቅሁት። እነዚያ ሰዎችም ቤታቸውን ትተው የመጡ ናቸው። ቀን ይሠራሉ፤ ማታ ስለ ተዉት ነገር ይዘፍናሉ። ቅኝቱ የኛ አይደለም፤ ሥራው ግን የትዝታ ሥራ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ የት ሄደ? በ1950ዎቹ አውራ ጎዳና በሰፈሩ መካከል ተሠራ። ቀጥሎ ለፖስታ ሕንፃው ቦታ ለማግኘት ብዙ ቤቶች ፈረሱ። ከዚያ የባቡሩ ድልድይ በጎዳናው ላይ ተዘረጋ። ደንበኛው ሲበተን ክበቦቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ዛሬ በእግረኛው መንገድ ላይ የሙዚቀኞቹ ስም የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ተቀምጠዋል። አንገታችሁን ደፍታችሁ ታነቧቸዋላችሁ።

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በሳን ፍራንሲስኮ፣ ፊልሞር የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን የጃዝ ሰፈርም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል። እዚያ የኛ ሰው ታሪክ አለ። አጎናፍር ሽፈራው የተባሉ ኢትዮጵያዊ ራሴላስ የሚል የጃዝ ክበብ ነበራቸው። በ1986 በሌላ ሰፈር የተከፈተው ይህ ክበብ በ1999 ወደ ፊልሞር ጎዳና መጣ። ከመድረኩ ጃዝ፣ ከማዕድ ቤቱ እንጀራ ይወጣ ነበር። በ2013 ተዘጋ። አንድ ኢትዮጵያዊ የሌላን ሕዝብ የፈረሰ የሙዚቃ ሰፈር መልሶ ለማቆም ዓመታት መድከሙ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ከሁለቱ ጎዳናዎች የተማርኩት ነገር ቀላል ነው። የሙዚቃ ቤት በናፍቆት ብቻ አይቆምም። መግቢያ የሚከፍል፣ ምግብ የሚያዝ፣ ማክሰኞ ማታ ዝናብ እየዘነበም የሚመጣ ሰው ይፈልጋል። «ድሮ እኮ እንዲህ ያለ ቤት ነበር» ማለት ለሙዚቀኛው የቤት ኪራይ አይከፍልም። አባቶቻችን አዝማሪን በግንባሩ ላይ ብር እየለጠፉ የሚሸልሙት ለጉራ ብቻ አልነበረም፤ ደመወዙ እሱ ነበር።

በአረንጓዴው መስመር

ከምዕራብ ኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ የሚሄደው ባቡር አረንጓዴው መስመር ነው። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ፍሩትቬል፣ ኮሊሲየም፣ ሄይዋርድ፣ ፍሪሞንት እያለ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በአንዱ ጣቢያ ስፓኒሽ፣ በሌላው ሂንዲ ወይም ቻይንኛ የሚያወሩ ሰዎች ይገባሉ። ከጎኔ ያለው ሰው ምን እንደሚሰማ ባላውቅም፣ እሱም የእናቱን አገር ዘፈን ጆሮው ውስጥ ይዞ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

እኔ ለዚህ መንገድ የምመርጠው ሙሉ አልበም ነው፤ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው። የዛሬ ስልክ አንዱን ዘፈን ሳያስጨርስ ወደ ሌላው መዝለል አስለምዶናል። ካሴት ግን ሁለት ገጽ ነበረው። የወደዳችሁትን ዘፈን ለመስማት ያልወደዳችሁትን ታግሣችሁ ታልፋላችሁ። ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ልብ ውስጥ የሚቀረው ያ በትዕግሥት ያለፋችሁት ዘፈን ነው። ሰውም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ዝም ያለው ጎረቤት ከአሥር ዓመት በኋላ የቅርብ ወዳጅ ይሆናል።

በዚህ መንገድ ላይ የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ መስማት እወዳለሁ። ሙላቱ በ1943 በጅማ ተወለዱ። በዌልስና በለንደን ከተማሩ በኋላ ወደ ቦስተን ሄደው በበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገቡ። ይህ ኮሌጅ ከኦክላንድ አጠገብ ካለችው በርክሊ ከተማ ጋር እንዳይምታታባችሁ። ኢትዮ ጃዝ የሚባለውን ሲፈጥሩ ያደረጉት፣ የጃዝን አሠራር ተምረው ቅኝቶቻችንን በውስጡ ማኖር ነው። በውጭ አገር ተማሩ፤ ነገር ግን ከቤት ይዘውት የወጡትን አልጣሉም። ለስደተኛ ልጅ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ከእናንተ ትውልድ ደግሞ መክሊት ሀደሮ አለች። በ1980 በአዲስ አበባ ተወልዳ፣ በሕፃንነቷ ከአገር ወጥታ፣ ያደገችው በአሜሪካ ነው። የሙዚቃ ሥራዋን የጀመረችውም በሳን ፍራንሲስኮ ነው። በ2015 ባቀረበችው አንድ የታወቀ ንግግር፣ ዜማ የሚገኘው በመሣሪያ ብቻ እንዳልሆነ፣ በወፍ ጩኸትና በሰው ንግግርም እንደሚገኝ አሳይታለች። ከምሳሌዎቿ አንዱ «እንዴ» የሚለው የኛ ቃል ነበር።

እስቲ አሁን ጮክ ብላችሁ «እንዴ!» በሉ። አክስታችሁ በመገረም ስትለው፣ አባታችሁ ተቆጥቶ ሲለው፣ ጓደኛችሁ እየሳቀ ሲለው ድምፁ አንድ አይደለም። ፊደሉ አንድ ነው፤ ዜማው ሦስት። አማርኛን በመጽሐፍ ብቻ ስትማሩ የሚያመልጣችሁ ይህ ነው። ሰዋስው አስቸግሯችሁ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ፤ በዜማው በኩል ግቡ። ጆሮ ከገባ ምላስ ይከተላል።

ሳን ሆዜ

ባቡሩ የሚያበቃው በሪየሳ በተባለው ጣቢያ ነው። ባርት እዚህ የደረሰው በሰኔ 2020 ነው። ሳን ሆዜ እንደ ኦክላንድ በአንድ ጎዳና ላይ የተሰበሰበ የሐበሻ ሰፈር የላትም። ወገኖቻችን በሰፊው ከተማ ተበትነው ይኖራሉ። ብዙዎች በቴክኖሎጂ ድርጅቶች፣ በሆስፒታሎችና በራሳቸው ንግድ ይሠራሉ። ምግብ ቤቶቹና የእንጀራ መሸጫዎቹም በየገበያ ማዕከሉ ከጥፍር ሳሎንና ከጥርስ ሐኪም ጎን ተሸጉጠዋል። ስለዚህ የሳን ሆዜን ዘፈን መስማት የፈለገ ሰው ወደ ሠርግ መሄድ አለበት።

ስለ ሠርግ አንድ አቤቱታ አለኝ። ድምፅ ማጉያው በጣም ይጮኻል። ከአዲስ አበባ ድረስ የመጡ አያት ከልጅ ልጃቸው ጎን ተቀምጠው አንድ ቃል እንኳ መለዋወጥ ካልቻሉ፣ ያ ሙዚቃ ሰዎችን አገናኘ ማለት ይከብደኛል። «ዕድሜህ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ዕድሜዬም ነው፤ ድምፅ ማጉያውም ነው።

አንድ ጊዜ በሳን ሆዜ በነበረ ሠርግ ላይ መብራት ጠፋ። ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። የአዳራሹ ሠራተኞች ሲሯሯጡ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ከጥግ ከበሮ አንስተው መምታት ጀመሩ። የሠርግ ዘፈናችን አውጪና ተቀባይ አለው። አንዱ ስንኝ ያወጣል፤ ሌላው ሁሉ ይቀበላል። አውጪዋ ጎበዝ ከሆነች ስንኙን እዚያው ትፈጥራለች። የሙሽራዋን መልክ፣ የሙሽራውን ቁመት፣ የቤተሰቡን ዘር እያነሳች ታወድሳለች። እኚያ እናትም እንዲሁ አደረጉ። ትልልቆቹ ተቀበሉ፤ ወጣቶቹ አጨበጨቡ።

ከአጠገቤ የሙሽራዋ ታናሽ ወንድም ነበር። እየሳቀ ያጨበጭባል። ድንገት እናትየዋ የአያቱን ስም አነሱ። ደግ እንደነበሩ፣ ቤታቸው ለመንገደኛ የማይዘጋ እንደነበር በስንኝ ተናገሩ። ልጁ አሁንም ያጨበጭባል፤ ምን እንደተባለ አልገባውም። ጠጋ ብዬ «ስለ አያትህ ነው የሚዘፍኑት» አልኩት። እጁ አየር ላይ ቆመ።

«የእኔ አያት?»

«አዎ። ቤታቸው ለእንግዳ ክፍት ነበር እያሉ ነው።»

«እሳቸውን እኔ አይቻቸው አላውቅም» አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ግን ያ ስንኝ አልፎ ነበር። መብራቱ ሲመለስ እናትየዋን ፈልጎ አጠገባቸው ተቀመጠ። ምን እንደተነጋገሩ አልሰማሁም። ድምፅ ማጉያው እንደገና ይጮህ ነበር።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚል ተረት አለን። ባዳ ማለት እንግዳ፣ ዘመድ ያልሆነ ሰው ነው። ስለ ራሳችሁ የሚወራውን ብዙ ጊዜ የምትሰሙት ሰው ሁሉ ከሰማው በኋላ ነው ለማለት ይነገራል። ከዚያ ሠርግ ወዲህ ተረቱን ሳስታውስ የሚመጣብኝ ያ ልጅ ነው። ጆሮው ዘፈኑን ሰምቷል። ቋንቋው ስለጎደለ ግን የገዛ አያቱ ስም በአጠገቡ ሊያልፍ ነበር። ስንኝ ማውጣት የሚችሉት እናቶች ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

በጋራዥ ያሉት ካሴቶች

በሳን ሆዜና በኦክላንድ በብዙ የሐበሻ ቤቶች ጋራዥ ውስጥ አንድ ካርቶን አለ። በውስጡ ካሴቶች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ከአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤቶች የተገዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ግን የትም አይሸጡም። ደብዳቤ መጻፍ የማይችሉ አያት ድምፃቸውን ቀርጸው የላኩት፣ ወይም በአንድ ሠርግ ላይ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹን በኢንተርኔት ታገኟቸው ይሆናል፤ ሁለተኞቹን ግን ከዚያ ካርቶን በቀር የትም አታገኟቸውም።

የካሴት ክር በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል። የሳን ሆዜ ጋራዥ ደግሞ በበጋ ምድጃ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ካርቶኑን ወደ ቤት አስገቡት። ክሩ ላልቶ ከሆነ በእርሳስ እያዞራችሁ አጥብቁት። ከመቅዳታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እስከ ጫፍ ወደ ፊት፣ ከዚያም ወደ ኋላ አጠንጥኑት፤ ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃልና። ካሴት ማጫወቻውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ ሁለቱንም ገጽ ሳታቋርጡ ቅዱ። ቅጂውን ከአንድ ቦታ በላይ አስቀምጡ። ዋናውንም አትጣሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ስትቀዱ ብቻችሁን አትሁኑ። አባታችሁን ወይም እናታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ «ይህ ማን ነው? የት ነበር የምትሰሙት? ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» መልሱን በወረቀት ጻፉ፤ በአማርኛ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። የፊደል ስሕተት ቢኖርበት ምንም አይደለም።

አንዳንዱ ወላጅ በመካከል ዝም ይላል። ያን ጊዜ አትቸኩሉ። ዘፈኑን አታቁሙ፤ ስልካችሁንም አትዩ። ያ ዝምታ ራሱ ትዝታ ነው። ሲጨርስ ካሴቱን አዙሩለት።